የሚያነክስ ውሻ ላላችሁ፦ ለአንድ የባሕር ዳር የእንስሳት ሐኪም ምስጋናና ጥቆማ

ውሻ የኋላ እግሩን አንስቶ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሾህ ነው። እሾህ ከታጣ "ወለምታ ነው" ተብሎ ይታሻል። ጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ያነክሳል፤ ደግሞ ይታሻል። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሶ ከሆነ እሽት አይቀጥለውም፣ የተቆጣውን መገጣጠሚያ ግን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ይህን ለይተው በጊዜ ለሚናገሩ አንድ የባሕር ዳር የእንስሳት ሐኪም፣ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች በአደባባይ ምስጋና ልናቀርብ ወደድን። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ አድራሻቸውን ለሚጠይቅ በውስጥ መስመር እንልካለን።

የምናደንቅላቸው አንዱ ነገር "ራጅ አስነሥታችሁ ኑ" ብለው አለመጀመራቸው ነው። ጅማት በራጅ አይታይም። መጀመሪያ የሚሠሩት ዓይናቸውና እጃቸው ናቸው።

ውሻውን በላላ ገመድ ደረቅና በማያንሸራትት መሬት ላይ በዝግታ ያስኬዱታል፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። ሩጫ አያስጀምሩትም፤ የተደሰተ ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ከዚያ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። ጤነኛ ውሻ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ ይቀመጣል፤ ጉልበቱን የታመመው ግን ያንን እግር ወደ ጎን ዘርግቶ ያሳርፋል። ይህችን ነገር ቤታችሁም ልታዩ ትችላላችሁ፣ በስልክ ቀርጻችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይጠቅማል። ክሊኒክ ሲደርስ በፍርሃት ደህና የሚራመድ ውሻ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ውሻው ቆሞ ሳለ ከኋላው ሆነው ሁለቱን እግሮች በአንድ ጊዜ ይዳስሳሉ። የታመመው ጭን ጡንቻው ይሳሳል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች የሚወርደው ሌላ ጅማት በጤናው ጊዜ ግራና ቀኙ በጣት ተለይቶ ይታወቃል፤ መገጣጠሚያው ውሃ ከቋጠረ ጠርዙ ይጠፋል። በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ጠንካራ እብጠት ከተገኘ ነገሩ የቆየ ነው። ሁልጊዜም ደህናውን እግር አስቀድመው ነው የሚነኩት፣ የዚያን ውሻ ልክ ለማወቅ።

ዋናው ምርመራ ውሻውን በጎኑ አስተኝቶ የሚደረገው ነው። የአንድ እጅ ሌባ ጣት በጉልበቱ ሎሚ ላይ፣ አውራ ጣት ከጭኑ አጥንት ጀርባ ባለችው ትንሽ ክብ አጥንት ላይ ያርፋል። የሌላው እጅ ሌባ ጣት በቅልጥሙ ፊት ባለው ጉብታ ላይ፣ አውራ ጣት ከጎን ባለው ቀጭን አጥንት ራስ ጀርባ። የላይኛው እጅ ይጸናል፤ የታችኛው ቅልጥሙን ሳያዞር በቀጥታ ወደፊት ይገፋል። የጉልበቱ ውስጥ ጅማት ከተበጠሰ ቅልጥሙ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደፊት ይወጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጣቶቹ አጥንት ሳይሆን ቆዳና ሥጋ ይይዛሉ፣ ወይም ቅልጥሙ ወደ ውስጥ ሲዞር ወደፊት የወጣ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ጉልበቱን በቆመበት ማዕዘን ይዞ ቁርጭምጭሚቱን ማጠፍ ነው። በጉብታው ላይ ያረፈችው ሌባ ጣት ወደፊት ከተገፋች ጅማቱ ሥራውን አቁሟል።

ሐኪሙ "ምንም አላገኘሁም" ሲሉ "ደህና ነው" ማለታቸው አይደለም። ትልቅና ጡንቻማ ውሻ ነቅቶ እያለ ከተገታተረ ቅልጥሙ አይነቃነቅም፣ የቆየ ጉዳት ላይም ዙሪያው ጠንክሮ እንቅስቃሴውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላቸው በማስተኛ መርፌ ይደግሙታል። ግማሽ ብጥስ ደግሞ የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ ጅማቱ ሁለት ክር ስላለው የፊተኛው ብቻ ሲበጠስ ጉልበቱ ተዘርግቶ ምንም አይታይም፣ ሲታጠፍ ግን ይንቀሳቀሳል። ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ውሻው ከጮኸ ወይም ዞሮ ካየም ያው ጥርጣሬ ነው። ቡችላ ላይ ትንሽ መላላት የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ የቡችላው በድንገት ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው።

ራጁ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጅማቱን ባያሳይም በመገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ፣ በጠርዙ የበቀለውን አጥንት፣ ከሁሉም በላይ በትልልቅ ውሾች ጉልበት አካባቢ የሚወጣውን የአጥንት ካንሰር ያሳያል። የዳሌ ችግርና በትናንሽ ውሾች የሚታየው የጉልበት ሎሚ መንሸራተትም በዚሁ ይለያሉ።

በውሻ ላይ ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኳስ ተጫዋች በአንድ ግጭት አይበጠስም፤ ቀስ በቀስ እየሳሳ ኖሮ ከደረጃ ሲወርድ ይለይለታል። ለዚህም ነው ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ውሾች ኋላ ላይ ሌላኛው ጉልበታቸውም የሚጎዳው፤ ዶክተሩም ከመጀመሪያው ቀን ስለ ክብደት የሚጨቀጭቁት። ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ እረፍትና ክብደት መቀነስ ሊበቃ እንደሚችል፣ ለከባዱ ግን ቀዶ ጥገና የተሻለ እንደሆነ በግልጽ ይነግሯችኋል። አጥንት ቆርጦ የሚስተካከልበትን ቀዶ ጥገና እሳቸው አይሠሩም፤ አልሠራም ማለታቸውን ራሱ እናከብርላቸዋለን።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ለውሻችሁ የሰው ማስታገሻ አትስጡት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውንና ኩላሊቱን፣ ፓራሲታሞል ጉበቱን ይጎዳሉ። ቀድሞ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት ተወግቶ ከሆነ ተናገሩ፤ ከማስታገሻ ጋር ከተደራረበ ጨጓራን ሊበሳ ይችላል። ከምርመራው በፊት ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ አይብላ፤ በተለይ ዛይላዚን የተባለውን ማስተኛ የተወጋ ውሻ ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደብተሩን ያዙ፣ አፉንም እሰሩ፤ የታመመ ጉልበት ሲነካ የዋሁም ይነክሳል። በባጃጅ ከሆነ ተሸክማችሁ አውርዱት እንጂ አታስዘልሉት። ደግሞም አስቀድማችሁ ደውሉ፦ በማስተኛ የሚደረገውን ምርመራ ጠዋት ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ውሻው ነቅቶ በእግሩ እስኪቆም ስለማይለቁት።