የፊልም ማጀቢያ ወይስ የላይብረሪ ሙዚቃ? ሸክላ ለምትገዙ

የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የፊልም ሙዚቃ በሸክላ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ያጋጥመዋል። አንደኛው ለአንድ ፊልም ተብሎ የተደረሰ ማጀቢያ ነው። ሁለተኛው የላይብረሪ ሙዚቃ ይባላል፤ ይኸኛው ለየትኛውም ፊልም አልተሠራም። የለንደን፣ የሮምና የፓሪስ አሳታሚዎች አስቀድመው ያስቀርጹትና ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ጣቢያዎች ይልኩት ነበር። አዘጋጁ የመኪና ማሳደድ ካለው ከመደርደሪያ አንድ ሸክላ ይመዛል፣ ያጅብበታል፣ ለተጠቀመበት ይከፍላል። ለተራ አድማጭ በሱቅ አይሸጥም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቁጭ ብላችሁ ለማዳመጥ ከሆነ ማጀቢያ ግዙ። ሥራ እየሠራችሁ ወይም ቤት እንግዳ ሲኖር ለመክፈት ከሆነ ላይብረሪ ይሻላል።

አንድ ማጀቢያ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኤንዮ ሞሪኮኔ ለሰርጂዮ ሊዮኔ የ1968 ፊልም፣ ለ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» የደረሰውን አነሳለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የ1966ቱን «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ነው። የፊልሙን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ያፏጨዋል። እሱም ግሩም ነው፤ የ1968ቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ሥራ ይደመጣል። ምክንያት አለው። ሙዚቃው የተደረሰው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሊዮኔ ተዋንያኑ እየሠሩ ሙዚቃውን ያሰማቸው ነበር። አካሄዳቸው፣ አስተያየታቸው፣ ዝምታቸው ሁሉ በዜማው ተለክቷል። ዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የየራሳቸው ዜማ አላቸው፤ ሃርሞኒካው ሲያላዝን ማን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ኤዳ ዴሎርሶ ደግሞ አንድ ቃል ሳታወጣ በድምጿ ብቻ ሆድ ታባባለች። ፊልሙን ሳታዩ ብትገዙትም አትከስሩም።

ዘፈን ካልሰማሁ ለምትሉ የከርቲስ ሜይፊልድ «ሱፐር ፍላይ» (1972) አለላችሁ። ፊልሙ የኮኬይን ነጋዴውን ሲያሽሞነሙን ዘፈኖቹ ይገስጹታል። ሸክላው ከፊልሙ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ማጀቢያ ስትገዙ ግን አንድ ነገር አጣሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ማጀቢያ ለሸክላ ሲባል እንደገና ይቀረጽ ነበር። የላሎ ሺፍሪን «ቡሊት» (1968) ጥሩ ምሳሌ ነው። ሸክላው ላይ ያለው ፊልሙ ውስጥ የምትሰሙት ቅጂ አይደለም፤ ለአድማጭ ተብሎ በጃዝ ተጫዋቾች አዲስ የተሠራ ነው። የአይዛክ ሄይስ «ሻፍት» (1971) ነገርም እንደዚያው ነው። ይኼ ጉድለት ነው ማለቴ አይደለም። «ቡሊት»ን በተመለከተ የሸክላውን ቅጂ እመርጣለሁ፤ ዜማው ፋታ አግኝቶ ይጫወታል። ግን «ፊልሙ ላይ የሰማሁት ይህ አይደለም» ብላችሁ እንዳትናደዱ ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ላይብረሪው እንምጣ። ከሁሉ የታወቀው የለንደኑ ኬፒኤም ነው። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ ሥዕል የለው፣ ምን የለው። ከእያንዳንዱ ሙዚቃ ጎን የቆይታ ጊዜውና ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው የሚናገር አጭር መግለጫ ተጽፏል፤ ጊዜ ላጠረው አዘጋጅ ነዋ የተሠራው። ከደራሲዎቹ አለን ሆክሾው በኦርጋን፣ ብራያን ቤኔት በድራም የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። አሜሪካ ያላችሁ የሰኞ ማታውን የአሜሪካ እግር ኳስ መግቢያ ሙዚቃ ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ ጆኒ ፒርሰን ለዚሁ ላይብረሪ የደረሰው ነው።

የላይብረሪ ድክመቱ ማጠሩ ነው። ሙዚቃው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሄድና ልክ መሞቅ ሲጀምር ያልቃል። አንዱ የስፖርት፣ ቀጣዩ የሐዘን፣ ከዚያ የፋብሪካ ይሆናል። ታሪክ የለውም። ቤዙና ድራሙ ግን ወለል ያንቀጠቅጣል፤ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች እየቆረጡ ለዘፈናቸው ሲጠቀሙበት የኖሩት ያለ ነገር አይደለም።

ዩቲዩብ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላውን ስለገዛችሁ ለቪዲዮ ማጀቢያ መጠቀም ትችላላችሁ ማለት አይደለም። መብቱ አሁንም የአሳታሚው ነው፤ ፈቃዱ ለብቻው ይገዛል።

ዋጋ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ታዋቂ ማጀቢያዎች በገፍ ስለታተሙ በዚያን ዘመን የታተመውን ቅጂ በደህና ዋጋ ማግኘት አይከብድም። የላይብረሪ ኦሪጅናል ግን መጀመሪያውኑ በትንሹ ስለታተመ ሰብሳቢዎች ይናጠቁታል። ዳግም እትሙን ግዙ። እንግሊዝ ያለው ቢ ዊዝ ሬከርድስ የኬፒኤምን ሸክላዎች ከነሽፋናቸው እንደገና አሳትሟል። የጣሊያኖቹን ከፈለጋችሁ ፎር ፍላይስን እዩ። ማጀቢያ ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ስለ ጭረት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሞሪኮኔ ዝግ ባለበት ቦታ መርፌው ጭረት ላይ ሲንጣጣ ሁሉ ነገር ይበላሻል። የላይብረሪው ድራም ግን ብዙውን ይሸፍነዋል።

የኛው ሙላቱ አስታጥቄ የሁለቱ ድንበር ላይ ቆሟል። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሲሠራ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀረጹትን የሙላቱን ሙዚቃዎች ወስዶ አጀበበት። ፊልሙ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለመንገድ የሚሆን ሲዲ ቀድቶ ለዋናው ተዋናይ ለቢል መሪ ይሰጠዋል፤ መኪናው ሲነዳ «የከርሞ ሰው» ይንቆረቆራል። ለዚያ ፊልም የተደረሰ ነው ብሎ የሚምል አይጠፋም። ሙላቱን ብላችሁ የፊልሙን አልበም እንዳትገዙ ግን። እዚያ ላይ የሱ ጥቂት ብቻ ነው፤ የቀረው የማርቪን ጌይ፣ የሮክ ባንዶችና የሌሎች ነው። በሱ ፈንታ በ1998 ፓሪስ የታተመውን «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4ን ያዙ። ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩት የሙላቱ ሥራዎች እዚያው ተሰብስበዋል። ሸክላ ማጫወቻ ለሌለውም በሲዲ አለ።