ሊቲየም ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ስቲከሩን ላጥ አድርጉት

ባሕር ዳር ውስጥ ሞተር ሳይክል የምትነዱ ሁሉ ይቺን አንብቧት። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ደባርቅ የምትወጡ። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል በሞተር እንሄዳለን ብላችሁ ያሰባችሁም ጭምር።

ነገሩ ቀለል ስላለችው የሊቲየም ባትሪ ነው። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ መዳፋችሁ ላይ ያስቀምጣታል። "እስቲ ያዛት!" ይላል። የአሲዷ ባትሪ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች፤ ይቺ አንድ ኪሎ እንኳ አትሞላም። ቁመቷም ስለሚያንስ ቦታዋን እንድትሞላ ከሥሯ ስፖንጅ ይለጠፍላታል። ያስራታል፣ ቁልፍ ትከፍታላችሁ፣ ስታርት ስትጫኑ ወዲያው ይነሳል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ከቀትር በኋላ፣ በጣና ዳር ፀሐይ ነው። በዚያ ሙቀት ደካማዋም ባትሪ ታስነሳለች። ስለዚህ የሱቁ በር ላይ የሚደረገው ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። ዋጋው ግን ከአሲዷ በብዙ ይበልጣል።

ጓደኛዬ የገጠመው ይኸው ነው። ሥራው የመስክ ስለሆነ ፋርጣ ወረዳ ይመላለሳል። ደብረ ታቦር አድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲወጣ የሞተሩ ወንበር አመዳይ ለብሷል። ስታርቱን ተጫነ። ጠቅ። ደግሞ ተጫነ። ጠቅ ብቻ። የእሱ ሞተር የእግር ማስነሻ የለውም። የግቢው ዘበኛና ሁለት ጎረምሶች ቁልቁል ገፉለት፣ ወይ ፍንክች። ኢንጀክሽን ስለሆነ የቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ባትሪ ከሌለ መግፋቱ ትርፉ ድካም ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ።

ባሕር ዳር ተመልሶ ወደ ሱቁ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። ሻጩ ስታርቱን አንዴ ተጫነ፣ ሞተሩ ተነሳ። "ይኸው! ባትሪዋ ምን ሆነች? ብርድ ዋስትና ውስጥ አይገባም ወንድሜ" አለ። በእርግጥ ባትሪዋ አልተበላሸችም። የተበላሸው የተሸጠችበት ቁጥር ነው።

ጎኗ ላይ "12 ቮልት፣ 7 አምፔር" የሚል የሱቁ ስቲከር አለ። ጓደኛዬ ጫፉን በጥፍሩ ያዝ አድርጎ ላጠው። ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ። በደቃቅ ፊደል፣ 30 ዋት አወር ይላል፤ ባትሪዋ የምትይዘው የኃይል መጠን ማለት ነው። የስቲከሩ "7 አምፔር" ደግሞ 7 አምፔር አወር ለማለት ነው፤ ዋት አወሩን ለቮልቱ ስታካፍሉ የሚመጣው ቁጥር። እዚህ ላይ ስልካችሁን አውጡና አስሉ። ለሞተር ማስነሻ የሚሸጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት 12.8 ቮልት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። 30ን ለ12.8 ስታካፍሉት 2.3 አምፔር አወር ገደማ ይመጣል። እውነተኛ 7 ቢሆን ኖሮ ጎኗ ላይ ወደ 90 የሚጠጋ ዋት አወር ይጻፍ ነበር። የከፈላችሁት ለ7 ነው፣ የያዛችሁት ግን ሲሶውን።

ሻጮቹ "ይሄ 7 ማለት የ7 አምፔር አሲድ ባትሪ ምትክ ማለት ነው" ይላሉ። እውነት አለው። በሙቀት ጊዜ ትንሿ ሊቲየም የትልቋን አሲድ ያህል ለሞተሪኖው (ስታርት ሲጫኑ ኢንጂኑን ለሚያዞረው) ጉልበት ትሰጣለች። መጠባበቂያ ግን የላትም። ብርድ ሲመጣ ደግሞ የባትሪዋ የውስጥ መቋቋም ይጨምራል። ሞተሪኖው ብዙ ኩረንት ሲጠይቃት ቮልቴጇ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ የኢንጂኑ ዘይት በብርድ ወፍሯል፣ ለማዞር ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። የአሲዷም በብርድ ትደክማለች፤ ነገር ግን የያዘችው ሦስት እጥፍ ስለሆነ ደክማም ታስነሳለች። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ታቦር 2700 ገደማ። ከፍታው ብቻ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ የጉና ውርጭ ሳይታከልበት።

ገዝታችሁ ከሆነ ግን አትጣሏት። በብርድ ጠዋት መጀመሪያ ቁልፉን ከፍታችሁ የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብሩት። አዎ፣ መካኒኮች "ባትሪ እንዳይወርድ መብራት አጥፋ" እያሉ ያሳደጉን ተቃራኒ ነው። ሊቲየም ኩረንት ስትሰጥ ከውስጥ ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ትነቃለች። ከዚያ ስታርቱን አጭር ጊዜ ተጫኑ፤ እምቢ ካለ ቆም በሉ፣ እንደገና ሞክሩ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማታ ፈታችሁ ክፍል ይዛችሁ መግባትም አለ። ቀላልነቷ ያኔ ይጠቅማል። ሆዷ ያበጠ ከሆነ ግን መኝታ ቤት አታስገቧት፣ ቀይሯት።

አላርም ወይም ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሞተሩ ቆሞ እያለ ቀስ በቀስ ይበሏታል። ከ10 ቮልት በታች ከወረደች ላትመለስ ትችላለች። ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች ላይ ቻርጅ ማድረግም ይጎዳታል። የአሲድ ባትሪ "የሚያድስ" ቻርጀር ፈጽሞ አታስጠጉባት። ወደ ባትሪዋ የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉላተርም በቴስተር አስለኩ፤ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ከ14.6 ቮልት በላይ የሚልክ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ከተማ ውስጥና እስከ ዘጌ ብቻ ለሚነዳ፣ ዋጋው ካልከበደው፣ ባትሪዋ ክፉ አይደለችም። ቆማ ስትከርም ቻርጇን ትጠብቃለች። ደጋ ለሚያድር፣ ሞተሩም የእግር ማስነሻ ለሌለው ሰው ግን 30 ዋት አወር አይመከርም። ወይ ጎኗ ላይ ከፍ ያለ ዋት አወር የተጻፈባትን ፈልጉ፣ ወይ በአሲዷ ቆዩ።

ስትገዙ ስቲከሩን አስነሱት። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደረሰኙ ላይም ዋት አወሩ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ የሱቅ ስቲከር የፋብሪካውን ጽሑፍ ሲሸፍን ይሄ መብት ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ። ጓደኛዬ የአሲዷን መልሶ አስሯል። የተላጠውን ስቲከርና ደረሰኙን ይዞ ንግድ መምሪያ አመልክቷል። ሻጩ "ስቲከሩ ከአስመጪው ነው የመጣው" ብሏል፤ ስቲከሩ ላይ ያለው ስልክ ግን የራሱ የሱቁ ነው።