ቡስት ጌጅ ለምትፈልጉ፣ ሶማሌ ተራ ያሉትን ጋሼን ልጠቁማችሁ

የአባቴን የ1972 ሞዴል ሼቭሮሌት ሲ-10 ፒክአፕ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ነው። ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ከተገጠመላት ወዲህ የቀራት ቡስት ጌጅ፣ ማለትም የታመቀውን አየር ግፊት (ቡስት) የሚያሳይ መለኪያ፣ ብቻ ነበር። እሱን መርጠው የገጠሙልኝን የመኪና ኤሌክትሪሽያን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። የሚሠሩት ሶማሌ ተራ፣ ወደ ተክለሃይማኖት በኩል ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

ገበያ ላይ በብዛት የቀረቡልኝ ጌጆች ለናፍጣ ቱርቦ የተሠሩ ናቸው፤ እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያነባሉ። የኛ ሱፐርቻርጀር በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠው 7 ገደማ ነው። በዚያ ጌጅ ላይ መርፌው ከታች ጥግ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ይቀራል። ጋሼ እስከ 20 የሚያነብ፣ ከዜሮ በታች ደግሞ ቫኪዩም (ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት) የሚያሳይ መረጡልኝ።

ከዚያ በፊት ግን «የጌጁን ቱቦ ከየት ልትወስጂው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ከሱፐርቻርጀሩ በላይ ነው የተቀመጠው። በሁለቱ መሀል ሁልጊዜ ቫኪዩም ነው። የታመቀው አየር የሚገኘው ከሱፐርቻርጀሩ በታች፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ነው። ቱቦው ከላይ ከተወሰደ የፈለግሽውን ያህል ቤንዚን ብትሰጪ ቡስት አታዪም።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ስለ ከፍታው ባስረዱኝ ነገር ነው። «ልጄ፣ አዲስ አበባ ላይ 7 እንዳትጠብቂ» አሉኝ። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ የሚዞር ነው። ያገኘውን አየር ነው የሚያምቀው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ እኛ ጋ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 11 ይወርዳል። ስለዚህ ያው ሱፐርቻርጀር፣ በያው ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረው ጎማ)፣ እዚህ 5 ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። አዋሽ ስትወርጂ 6 ይሆናል። ሚኒሞ ላይም (ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ) እንደዚሁ፣ መጽሐፍ ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) የሚባለው ቫኪዩም እዚህ 12 አካባቢ ነው።

ይሄን የማያውቅ ሰው «ቡስት ጎደለ» ብሎ ፑሊውን አውጥቶ ሱፐርቻርጀሩን ይበልጥ የሚያፈጥን ትንሽዬ ፑሊ ይገጥማል። አዲስ አበባ ላይ 7 ያገኛል፣ ደስ ይለዋል። ያችው መኪና ወደ ጅቡቲ ስትወርድ ከ9 ያልፋል። ሙቀቱም እዚያው ነው። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ጉርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና በቴስታው መሀል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል፣ ፒስቶንም ሊሄድ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን ካልተንከባከብን የት እንደምናገኝ እንጃ።

መካኒካሉን ጌጅ ያልመረጡበትም ምክንያት አላቸው። የሱ ቱቦ እስከ ጋቢና ድረስ ይገባል። በኛ ሞተር ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ አየር ስለሆነ፣ ቱቦው አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ሽታው እግርሽ ስር ነው። በኤሌክትሪኩ ሴንሰሩ ኮፈን ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ጋቢና የሚገባው ሽቦ ብቻ ነው። እሱንም ሳይገጥሙ ፈተሹት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ከፍተው መርፌውን አዩ። አንዳንዱ ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ስለሚመጣ እዚህ ሞተር ሳይነሳ 7 ኢንች ገደማ ቫኪዩም ያሳያል። ያን ዓይነቱን ወደ ጎን አድርገው ቁልፍ ሲከፈት ራሱን ዜሮ የሚያደርገውን ሰጡኝ። ዋጋው ከሌላው ያነሰ ነበር፤ ውዱን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

ዳሽቦርዱንም አልበሱትም። «ይሄ ላሜራ ከተበሳ አይመለስም» ብለው ከስሩ በቅንፍ ሰቀሉት። አባቴ ይሄን ሲያይ እጃቸውን ይዞ ነው የመረቃቸው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ቱርቦም ሆነ ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና የያዛችሁ፣ ጌጅ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛባቸዋል።