ሆቢዞን ኤሮስካውት፦ ለጀማሪ የሚሆን የሪሞት አውሮፕላን

በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ለሚጀምር ሰው ቀድመን የምንጠቁመው ይህን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.1 ሜትር ያህል ነው፤ አካሉ ኢፒኦ ከሚባለው ፎም የተሠራ ስለሆነ ቶሎ አይሰበርም፤ ሲገጣጠም ሙጫ አይፈልግም።

ትልቁ ብልጫው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ፕሮፔለሩ ከክንፉ በላይ ወደ ኋላ ዞሯል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰከሰው በአፍንጫ ነው፤ ፕሮፔለሩ ከፊት በሆነ አውሮፕላን እንዲህ ያለ ግጭት ፕሮፔለሩን፣ አንዳንዴም የሞተሩን ዘንግ ይዞ ይሄዳል። እዚህ ግን ቅድሚያ የሚጎዳው ፎሙ ነው። የተጨፈለቀ አፍንጫ የፈላ ውሃ ሲፈስበት መልሶ ያብጣል፤ ስንጥቅ በአምስት ደቂቃ በሚደርቅ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚሠራ ሙጫ) ይያዛል። በሽጉጥ የሚቀባው ትኩስ ሙጫ ፀሐይ ላይ ስለሚለሰልስ አንመክረውም።

ሴፍ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ረዳት ሦስት ደረጃዎች አሉት። በጀማሪ ደረጃ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ አይጋደልም፤ የሪሞቱ ማንሻዎች ሲለቀቁ ራሱን ያቃናል። ነፋስ ሲገፋው ግን አይመልሰውም፤ ክንፉ ቀጥ እንዳለ ዛፍ ላይ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ደረጃ ብዙ መቆየትም ጥሩ አይደለም፤ ከመታጠፊያ በኋላ ክንፉን መልሶ ማቃናት የአብራሪው ሥራ መሆኑን እጅ አይለምድም። በሰላም ማሳረፍ እንደቻላችሁ፣ ከፍ ብላችሁ ሳላችሁ ወደ መካከለኛው ቀይሩ።

አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከመነሣቱ በፊት ባለችው ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ ባትሪው ይሰካል፤ ሲጠፋ በተቃራኒው። ባትሪው እንደተሰካ አውሮፕላኑ ደልዳላ መሬት ላይ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የአውሮፕላኑን መጋደል የሚለካው ጋይሮ ሚዛኑን የሚይዘው ያን ጊዜ ነውና በእጅ እያወዛወዙ መሰካት ያሳስተዋል። ከዚያ ከኋላው ቆማችሁ ማንሻውን ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ኤሌሮን (የክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ኤሌቬተሩ (የጅራቱ አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ ይነሣ። አንዱ እንኳ ከተገለበጠ አታስነሡት።

ባትሪው ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው። በ2.2 አምፒር ሙሉት፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሳይበር የሚሰነብት ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይቀመጥ፤ ሞልቶ የከረመ ሊፖ ያብጣል። ለመጀመሪያው ሰሞን ሰዓት ቆጣሪውን 6 ደቂቃ ላይ አድርጉ።

አሜሪካ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የምታበሩበትን ቦታ አጣሩ። ክብደቱ ከ250 ግራም ስለሚበልጥ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ኤፍኤኤ ዘንድ መመዝገብና ትረስት የተባለውን ነፃ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ከሬገን አየር ማረፊያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናቸው። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል 15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ያዙ፤ ለማረፍ ስትመጡም ጋዙን (የሞተሩን ኃይል) ቶሎ አትዝጉ።

ሪሞት የሌለው ሰው አርቲኤፍ (ከነሪሞቱ የሚሸጥ) የሚለውን ካርቶን ይግዛ። ቢኤንኤፍ የሚለው ርካሽ ቢሆንም ሪሞት የለውም፤ የሚሠራው ስፔክትረም ከተባለው ብራንድ ሪሞት ጋር ነው።