ክረምትና በጋ ጣና ውስጥ፦ ራሴ የምፈታው የስኩባፕሮ ኤምኬ2 ሬጉሌተር

ባሕር ዳር ላይ ሥራዬ ከጀልባ ጋር ነው። ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድና መረብ እፈታለሁ፣ የእምቦጭ ሥር አወጣለሁ፣ የጀልባ ሆድ ከሥር አያለሁ። ውኃ ውስጥ የምተነፍሰው በስኩባፕሮ ኤምኬ2 ፈርስት ስቴጅና በአር195 ሰከንድ ስቴጅ ነው። ክረምትም በጋም አብሮኝ አሳልፏል። ስለ ዕቃው ስጽፍ ስለ ጥገናው አለመጻፍ አልችልም። እዚህ ጎጃም ውስጥ ሬጉሌተር ሲበላሽ የምትወስዱበት ሱቅ የለም። ወይ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ፈልጋችሁ ታስይዛላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ትማራላችሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገረው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ሙሉ ሲሆን 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ፈርስት ስቴጁ ይህንን ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርደዋል፤ መካከለኛ ግፊት የሚባለው ይህ ነው። አፍ ላይ የሚያዘው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ አየር ስትስቡ ብቻ ይከፍታል። ፈረንሳዮቹ ጠላቂው ኩስቶና ኢንጂነሩ ጋኛን ይህን ነገር በ1943 ሲሠሩ ጋኛን የተነሣው በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ጠፍቶ በጋዝ ይነዱ ለነበሩ መኪኖች ከተሠራ ሬጉሌተር ነው። ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ሲፈታው ቶሎ የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኤምኬ2ን የመረጥኩት ውስጡ ቀላል ስለሆነ ነው። አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ ጥቂት ኦሪንግ (አየር እንዳያሾልክ የሚይዝ የጎማ ቀለበት)፣ በቃ። ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፒስተኑ ባላንስድ ስላልሆነ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚነካው፣ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ መካከለኛው ግፊት ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ አየሩ ትንሽ ይከብዳል። ጥልቅ ባሕር ለሚገባ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ጣና ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ እኔም አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባ ሆድ በታች ነኝ። ለእኔ ሥራ አልከበደኝም።

የከበደኝ ጭቃው ነው።

ክረምት ላይ ግልገል አባይ ደፍርሶ ሲገባ ውኃው ቡና ይመስላል፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አታዩትም። በኤምኬ2 ላይ ሞላው ያለበት ክፍል ለውኃ ክፍት ነው፤ ፒስተኑ የአካባቢውን ግፊት የሚያውቀው በዚያ ነው። ስለዚህ ደለሉ በቀዳዳዎቹ ይገባና ሞላው ላይ ይቀመጣል፣ የፒስተኑን ኦሪንግም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ብዙ አምራቾች በየ1 ወይም 2 ዓመቱ አስፈትሹ ይላሉ። ጣና በክረምት እንዲህ ሆኖ ያን ያህል መጠበቅ አይታሰብም። እኔ ክረምቱ እንደወጣ ሙሉ በሙሉ እፈታዋለሁ። ጨው ስለሌለ ናሱ ብዙ አይበላም፣ ይህ የሐይቁ ውለታ ነው።

መፍታትን ከአምራቹ ሥዕል ላይ አነበብኩ። ንጽሕናን ግን ያስተማረኝ የናፍጣ ፖምፕ የሚጠግን የሰፈራችን ሰው ነው፣ አያ ነው የምለው። «ይኸን ከመፍታትህ በፊት ጠረጴዛህን እጠብ» አለኝ መጀመሪያ። ትክክል ነው። መዝጊያው የሚያርፍበት የናስ ጠርዝ በጣም ስስ ነው፣ አንዲት ጭረት ካገኘችው አየር ማሾለክ ይጀምራል። ስለዚህ ኦሪንግ በካቻቪቴ ጫፍ ወይም በመርፌ አይነቀልም። ለስላሳ የፕላስቲክ ወይም የናስ መንቀያ ያስፈልጋል። ብሩጎላና ቁልፍ ከጋራዥ ትዋሳላችሁ፣ ይህን ግን መግዛት አለባችሁ።

ብረቶቹን ለብ ባለ ውኃ እኩል በተቀላቀለ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆያለሁ፣ አጥቤም አደርቃለሁ። ጎማ ነክ ነገር እዚያ ውስጥ አይገባም። ግራሶው ላይ ደግሞ አደራ! የጋራዥ ግራሶ ፈጽሞ አትንኩ። የነዳጅ ቅባትና ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር አብረው አይሄዱም፣ ያ አየር ደግሞ ሳንባችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። ለመጥለቂያ ዕቃ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ፣ ኦሪንጉ እስኪያብረቀርቅ ብቻ ይበቃል። ኦክስጅን የተጨመረበት ጋዝ ለሚጠቀም ሲሊኮንም አይሆንም፣ ለኦክስጅን የተለየ ቅባት አለው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ዕቃ የመካከለኛ ግፊት ጌጁ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ባለው ቱቦ ላይ ይገጠማል። ሲሊንደሩን ትከፍታላችሁ፣ አየር ጥቂት ጊዜ ትለቃላችሁ፣ ከዚያ ጠቋሚውን ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። አንድ ቦታ ቆሞ ከቀረ መዝጊያው ይዟል። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ አልያዘም፤ ይቆይ እንጂ ሰከንድ ስቴጁ ሳይጠየቅ አየር መልቀቁ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሬጉሌተር ይዞ ውኃ አይገባም።

ለሰከንድ ስቴጁ ውድ መሣሪያ አልገዛሁም። ሳፋ ውኃ ይበቃል። አፍ መያዣውን ወደ ላይ፣ ዲያፍራሙን (አየር ስትስቡ ወደ ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን የሚከፍተውን ስስ ጎማ) ወደ ታች አድርጌ ቀስ ብዬ አጠልቀዋለሁ። ዲያፍራሙ ከውኃው ገጽ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲወርድ ፉጨት ከጀመረ ደህና ተስተካክሏል። ቶሎ ካፏጨ ኦሪፊሱን (አየሩ የሚገባበትን፣ መዝጊያው የሚያርፍበትን የሚዞር ቀዳዳ) ትንሽ አስገባዋለሁ፣ ከዘገየ አወጣዋለሁ። ስታዞሩት የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ አለዚያ ኦሪፊሱ የመዝጊያውን ጎማ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ሲሊንደር ሳልገጥም የፈርስት ስቴጁን መግቢያ በክዳኑ ደፍኜ በአፌ እስባለሁ። አየር ከመጣ ዲያፍራሙ ወይም የትንፋሽ መውጫው ጎማ ያሾልካል፣ ብዙ ጊዜ የደለል ቅንጣት ጎማው ሥር ገብታ ነው። ይህቺን ሙከራ ውኃ ከመግባቴ በፊት ሁልጊዜ አደርጋታለሁ።

ሲሊንደሩን ጎሚስታ ጋ ልትሞሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ተውት። የጎማ መንፊያ ያን ግፊት አይደርስበትም፣ አየሩም ለመተንፈስ ተብሎ አልተጣራም። ሌላም አለ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ አካባቢ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ልዩነትን ስለሆነ ሬጉሌተሩን የማስተካክልበት ቁጥር አይቀየርም። በስንት ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ግን ይቀየራል፣ ለከፍታ የተዘጋጀውን ተጠቀሙ። ጠልቃችሁ እንደወጣችሁም በዳንግላ አድርጋችሁ ወደ እንጅባራ ሽቅብ አትንዱ፣ ከፍ ስትሉ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሰውነታችሁ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነታችሁ እስኪያርፍ ባሕር ዳር እደሩ።

የሚያበሳጨኝ የመለዋወጫው ነገር ነው። ብዙ አምራቾች የኦሪንግና የመዝጊያ ኪት የሚሸጡት ላሠለጠኗቸው ባለሙያዎች ብቻ ነው። ደኅንነት ነው ይላሉ፣ ይገባኛል። ግን ባለሙያ በሌለበት አገር ይህ ደንብ ሰውን ባረጀ ኦሪንግ እንዲጠልቅ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው።

ድጋሚ እገዛው ነበር? አዎ፣ ለእንደኔ ዓይነት ሥራ። ከደሴቶቹ አካባቢ ርቆ ወንዝ መግቢያው ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ሞላው የተሸፈነ፣ በፒስተን ፈንታ በዲያፍራም የሚሠራ ፈርስት ስቴጅ ይሻለዋል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ለመፍታትም ብዙ ዕቃ አለው፣ ደለል ግን አይገባውም። የትኛውንም ብትገዙ ጌጁንና ሁለት ሙሉ ኪት አብራችሁ እዘዙ። ኪቱን ከፀሐይና ከሙቀት አርቃችሁ፣ እንደታሸገ አስቀምጡት።