በነጻ የሚወርደውን ፒክስል ፎንት ገዛሁት፤ እናንተ እንዳትደግሙት

ጌም የምትሠሩ ወይም ለትንንሽ ዲጂታል ስክሪን ጽሑፍ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ «የድሮ ጌም ፊደል፣ 20 ፎንት በአንድ ላይ፣ ለማንኛውም ሥራ» የሚል የፒክስል ፎንት (በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሣለ ፊደል) ጥቅል ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ ቸኩዬ ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር ያታለለኝ የማሳያው ምስል ነው፤ ያምር ነበር።

ነገሩ የሸተተኝ ፎንቱን ጌሜ ውስጥ ሳስገባው ነው። በ8 በ8 ፒክስል የተሣለ ፊደል በ8፣ በ16፣ በ24 መጠን ጥርት ብሎ ይታያል፤ 13 ካላችሁት ይበላሻል። ይህን ስለማውቅ 16 አደረግኩት፣ ጠርዝ ማለስለሻውንም አጠፋሁ። ያው ብልሹ ነው። ፋይሉን ፎንትፎርጅ በሚባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ስከፍተው ፊደሎቹ ከምስል ላይ በፕሮግራም የተገለበጡ ናቸው፤ ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ተንጋድዷል፣ ማዕዘኑ ክብ ሆኗል። በዚህ ዓይነት ፋይል ላይ የፈለጋችሁትን መጠን ብትሞክሩ አይጠራም።

ከ20ው ደህና የነበረው አንድ ብቻ ነው። እሱስ ለምን ተለየ ብዬ የውስጥ መረጃውን ሳይ፣ ሻጮቹ ስሙን ለውጠው የቅጂ መብት መስመሩን ማጥፋት ረስተዋል! ፕሬስ ስታርት 2ፒ ነው። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራቸው የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖች) ጌሞች ፊደል መነሻነት የተሠራ፣ ማንም ከጎግል ፎንትስ በነጻ የሚያወርደው።

የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ፕሬስ ስታርት 2ፒ የተለቀቀበት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የሚባለው ፈቃድ ፎንቱን ጌም ውስጥ ከትቶ ጌሙን መሸጥ ይፈቅዳል። የሚጠይቀው የፈቃዱ ጽሑፍ ከፎንቱ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው። እነዚህ ሰዎች ጽሑፉን አውጥተው የራሳቸውን ተኩ፤ የእነሱ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ይላል። ጌም ውስጥ፣ አፕ ውስጥ፣ መሣሪያ ውስጥ መክተት ክልክል። «ለማንኛውም ሥራ» ያሉት ይህንን ነው። በነጻ የተፈቀደልኝን ነገር ከፍዬ አስከለከልኩ ማለት ነው። 128 በ64 ፒክስል ለሆኑት ትንንሽ ስክሪኖች ፊደሉን ወደ ኮድ የምትቀይሩም እዚሁ ክልከላ ውስጥ ትገባላችሁ።

«ብዙ ቋንቋ» የሚለውም ባዶ ነው። አማርኛ ስጽፍበት ሣጥን ተደረደረልኝ። (መቼም ጨን ከጬ በ8 ፒክስል መለየት ጣር ነው፤ ግን ካልሠሩት አይበሉ።) የኛን ፊደል ለምትፈልጉ ጂኤንዩ ዩኒፎንት በ16 ፒክስል አለው፣ እሱም ነጻ ነው።

ፒክስል ፎንት በገንዘብ መግዛት ነውር አይደለም፤ ለፍተው በእጃቸው የሚሠሩ አሉ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃዱን ሙሉ ጽሑፍ አስልኩ፣ «ጌም» እና «መክተት» የሚሉትን ቃላት ፈልጉበት። የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር በ8 ወይም በ16 መጠን፣ ሳያሳድጉት፣ ጽፈው እንዲያሳዩዋችሁም ጠይቁ። ሻጩ ካንገራገረ ተዉት።

ገንዘቤን ስጠይቅ ዲጂታል ፋይል አይመለስም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሉን በሌላ ስም ለሽያጭ አይቼዋለሁ። ምስሉን ግን አልቀየሩትም።