ጄትሰን ዋን ወይስ ሄሊክስ፦ ለአንድ ሰው የተሠሩ ሁለት የኤሌክትሪክ በራሪዎች

ሁለቱም በስምንት ሞተሮች ይበራሉ፣ ሁለቱም ከአብራሪው በቀር ሰው አይጭኑም፣ ሚዛናቸውንም የሚጠብቀው ኮምፒውተር ስለሆነ አነዳዳቸው ለጀማሪ ከሄሊኮፕተር እጅግ ይቀላል። የሚለያያቸው ክንፍ ነው። በስዊድን ኩባንያ ተፀንሶ ጣሊያን ውስጥ የሚመረተው ጄትሰን ዋን ክንፍ ስለሌለው ክብደቱን ሁሉ ከመነሣት እስከ ማረፍ የሚሸከሙት ፕሮፔለሮቹ ናቸው፤ ባትሪውም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ያገለግላል። የካሊፎርኒያው ፒቮታል ኩባንያ ሄሊክስ ግን ሽቅብ ከተነሣ በኋላ መላ አካሉን ወደ ፊት አዘንብሎ ሸክሙን ለፊትና ለኋላ ክንፎቹ ስለሚሰጥ፣ የተወሰነ ኃይል በመጠባበቂያነት አስቀርቶ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ሻጮች አንድ ሞተር ቢጠፋ የቀሩት እንደሚያሳርፉ ይናገራሉ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋበት ቁልቁል ሲወርድ ከሥር የሚመጣው አየር ትልቁን ፕሮፔለር እያሽከረከረለት በዝግታ ሊያርፍ ሲችል፣ እነዚህ ትናንሽ ፕሮፔለሮች ኃይል ከተቋረጠባቸው ይህን ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱም በፍንዳታ ኃይል የሚወነጨፍ ፓራሹት አላቸው፤ ፓራሹት ግን ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። የጄትሰን ደስታ ደግሞ (እኔንም የሚያጓጓኝ እሱ ነው) ክፍት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነፋሱ ፊትን እየመታ ሜዳውን ዝቅ ብሎ መሰንጠቅ ነው፤ ይህም ፓራሹቱ እምብዛም የማይረዳበት ከፍታ ነው።

በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ የሚሠራው የቀላል በራሪዎች ደንብ ለሁለቱም የአብራሪነት ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ማለት ግን መንግሥት መርምሮ አጽድቋቸዋል ማለት አይደለም፤ ደንቡ የብቃት ምስክር ወረቀትም አይጠይቅምና። በረራው በቀን ብርሃን፣ ለመዝናኛ ብቻና ሰው ከሚበዛበት አካባቢ ውጭ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ የከተማ መጨናነቅን በአየር ለመሻገር ያሰበ ሰው ሁለቱንም ባይገዛ ይሻለዋል።

ዋጋን በተመለከተ ጄትሰን በ2021 በ92,000 ዶላር ቀርቦ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ሄሊክስ በ2024 መጀመሪያ ከ190,000 ዶላር ተነሥቷል። በእኔ ግምት የሄሊክስ ዋጋ ብልጫ ለክንፉ የተከፈለ ስለሆነ፣ አቅሙ ያለውና ከፍ ብሎ መብረር የሚሻ ገዢ ሄሊክስን ቢመርጥ ይሻላል። ክብደቱ ከ95 ኪሎ ለሚበልጥ ሰው ደግሞ ጄትሰን ከናካቴው አማራጭ አይሆንም፤ ሄሊክስም ቢሆን የሚቀበለው እስከ 100 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።